የፍቅር ልቦለድና የአንባቢው እፎይታ

በፍቅር ልቦለድ ንባብ የስሜት እፎይታ የሚባለው፣ ታሪኩ ገጽ በገጽ ያጠራቀመው ስጋት፣ ናፍቆትና ሆድ ብሶት በመጨረሻ በእንባ፣ በሳቅ ወይም በረጅም ትንፋሽ የሚለቀቅበት ሁኔታ ነው። የዚህ ዘርፍ አንባቢ ሁለቱ ፍቅረኞች እንደሚገናኙ መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት ያውቃል፤ ሊለያዩ ሲሉ ግን ምንም እንደማያውቅ ሰው ያለቅሳል። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣረስ ቢመስልም እፎይታው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ለሐሳቡ የቆየው ስም ካታርሲስ የሚለው የግሪክ ቃል ነው። አሪስቶትል በአራተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ድርሳን፣ ትራጄዲ፣ ማለትም አሳዛኝ ተውኔት፣ ርኅራኄንና ፍርሃትን ቀስቅሶ የእነዚህን ስሜቶች ካታርሲስ እንደሚያስገኝ ይናገራል። ስለ ፖለቲካ በጻፈው መጽሐፍ የቃሉን ሰፊ ማብራሪያ ስለ ሥነ ግጥም ወደሚጽፈው ሥራ አስተላልፎት ነበር፤ በእጃችን ባለው ድርሳን ግን ማብራሪያው ስለማይገኝ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል። ጀርመናዊው ምሁር ያኮብ በርናይስ እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው ጥናት ቃሉን ከሕክምና ጋር አያይዞ፣ የታመቀን ስሜት አስወጥቶ ማቅለል ማለት ነው ሲል ተረጎመው፤ ሌሎች ደግሞ ስሜትን ማጥራት ነው ይላሉ። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» የሚለው የአማርኛ ምክር ከበርናይስ ጎን የቆመ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የፍቅር ልቦለድ ትራጄዲ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. ከ1747 እስከ 1748 በተከታታይ ቅጾች ያወጣውን ክላሪሳ የተሰኘ ልቦለድ ይከታተሉ የነበሩ አንባቢዎች ባለታሪኳን እንዳይገድላት በደብዳቤ ለምነውት ነበር፤ እርሱ ግን አልሰማቸውም። የዛሬው ዘርፍ ለዚያ ልመና ዘግይቶ የደረሰ መልስ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው የአሜሪካ የፍቅር ልቦለድ ደራሲዎች ማኅበር ዘርፉን ሲበይን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የታሪኩ ማእከል ፍቅር እንዲሆን፣ ፍጻሜውም ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው እንዲሆን። ሐያሲዎች ይህን ፍጻሜ አስቀድሞ የታወቀ ነው እያሉ ይነቅፉታል። ነቀፌታው ግን ፍጻሜው የሚሠራውን ሥራ አላየም፤ አንባቢው ራሱን ሳይቆጥብ የሚያዝነው ኀዘኑ የት እንደሚያበቃ ስለሚያውቅ ነው።

የአጻጻፉ ጥበብ ያለው እዚያ እስኪደረስ ባለው መዘግየት ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፓሜላ ሬጂስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው መጽሐፍ የዘርፉን ትልም ስምንት ዐበይት ክፍሎች ስትዘረዝር፣ ከእነዚህ አንዱ ግንኙነቱ ጨርሶ የሞተ የሚመስልበት ቅጽበት መሆኑን ታሳያለች። ከዚያ በፊት ልብ ሰቀላው በአብዛኛው የሚገነባው በአንጻር ምርጫ ነው። ተራኪው አንዴ በእርሷ፣ አንዴ በእርሱ ልብ ውስጥ ሲገባ አንባቢው ሁለቱም እንደሚዋደዱ ያውቃል፤ እነርሱ ግን አያውቁም። በዚህ መንገድ አንባቢው ለማንም ሊናገረው የማይችለውን ምሥጢር ተሸክሞ መቶ ገጽ፣ ሁለት መቶ ገጽ ይጓዛል፤ እፎይ የሚለውም ያ ያልተነገረ ነገር በባለታሪኮቹ አፍ ሲነገር ነው። ለዚህም ነው ችኩል ዕርቅ አንባቢን የሚያስቆጣው። የበደለው ወገን የበደሉን ልክ ማወቁ ካልታየ፣ መተቃቀፍ ብቻውን የተጠራቀመውን አያወጣም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ዶልፍ ዚልማን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያዳበረው ንድፈ ሐሳብ ለዚህ አንድ ማብራሪያ ይሰጣል። በስጋት ጊዜ የተነሣው የሰውነት መነቃቃት ስጋቱ ሲያልፍ ወዲያው አይበርድም፤ ቀሪው ቀጥሎ ወደሚመጣው ስሜት ይተላለፍና ደስታውን ከራሱ መጠን በላይ ያጎላዋል። መለያየቱ በጠና ቁጥር መገናኘቱ የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እንባ ራሱ ይፈውሳል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹ አስሚር ግራቻኒንና አድ ቪንገርሁትስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ሙከራ፣ አሳዛኝ ፊልም አይተው ያለቀሱ ሰዎች ወዲያው ሲጠየቁ ስሜታቸው ወርዶ ተገኘ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደነበረበት ተመለሰ፤ ከ90 ደቂቃ በኋላ ግን ፊልሙን ከማየታቸው በፊት ከነበረው ተሻለ። ሙከራው በፊልም እንጂ በልቦለድ አልነበረም። ያም ሆኖ መጽሐፉን ዘግቶ ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ የመቀመጥን ልማድ ለሚያውቅ ሰው ውጤቱ እንግዳ አይሆንበትም።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጃኒስ ራድዌይ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመችው ጥናት ደግሞ ትኩረቱን ከመጽሐፉ ወደ አንባቢዎቹ አዞረ። በአንዲት የአሜሪካ ከተማ ያነጋገረቻቸው ሴቶች ቀኑን ሙሉ ባልና ልጆችን ሲንከባከቡ የሚውሉ፣ እነርሱን የሚንከባከብ ግን የሌላቸው ነበሩ፤ ንባቡ የራሳቸው ጊዜ ነው፤ በባለታሪኳ በኩልም የተነፈጋቸውን እንክብካቤ ያገኛሉ። አሳዛኝ ፍጻሜን አጥብቀው ይጠሉ ስለነበር አንዳንዶቹ መጽሐፉን ከመጀመራቸው በፊት መጨረሻውን ያነቡ ነበር። ራድዌይ ይህን እፎይታ ሳትንቅ አንድ ስጋት አንሥታለች፤ በልቦለድ የቀለለ ብሶት በኑሮ ውስጥ ያለውን ምክንያት ሳይነካ ሊያስቀረው ይችላል የሚል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን ልቦለዱን ብቻ መክሰስ፣ ያንን ድካም የሚያሸክመውን ቤት ከወቀሳ ነጻ ያወጣዋል።

የወደዱትን መጽሐፍ ደግመው የሚያነቡ ብዙዎች ከመጀመሪያው አይጀምሩም። አንዳንዶች በቀጥታ ወደ ዕርቁ ይገልጣሉ፤ ሌሎች ከዕርቁ ሁለት ምዕራፍ ቀድመው፣ በር ከሚዘጋበትና ደብዳቤ ሳይላክ ከሚቀርበት ቦታ ይነሣሉ። እንባው የሚመጣላቸው ለሁለተኛዎቹ ነው።