ትንሹ ማካው በጎንደር

ማካው የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ በቀቀን ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ያ ግዙፍ ቀይና ሰማያዊ ወፍ ነው። እውነትም ትልቁ ዝርያ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 1 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ትንንሾቹ ግን ሌላ ናቸው። ከማካዎች ሁሉ የሚያንሰው ቀይ ትከሻ ማካው 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያም ውስጥ ጥቂት የማይባለው ጅራቱ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ከ120 እስከ 170 ግራም ይመዝናል። የፋሲል ግቢ ርግብ ትበልጠዋለች።

ላባው አረንጓዴ ነው። ግንባሩ ላይ ሰማያዊ አለው፤ ዓይኑ አካባቢ ደግሞ ላባ የሌለው ነጭ ቆዳ ይታያል። ቀዩን ትከሻውን የሚያሳየው ክንፉን ሲዘረጋ ነው። ጫጩቶቹ ቀዩ የላቸውም፤ ሲጎለምሱ ይወጣላቸዋል። ወንድና ሴቷን በዓይን መለየት አይቻልም፤ የዲኤንኤ ምርመራ ይጠይቃል። በትንንሾቹ ተርታ ባለ ቢጫ አንገቱና ባለ ሰማያዊ ክንፉ ማካውም ይቆጠራሉ። ሁለቱም ከቀይ ትከሻው ከፍ ይላሉ።

ጎንደር ውስጥ ማካው ማሳደግ የቆየ ልማድ የለውም። የከተማው ሰው የሚያውቀው ውሻ፣ ድመት፣ ዶሮና ርግብ ነው። ነገሥታቱ አንበሳ ያኖሩ ነበር፤ የአንበሶቹ ቤት ዛሬም ግቢው ውስጥ ቆሞ ይታያል። በቀቀን ግን ለአገሩ ባዳ አይደለም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖረው ጥቁር ክንፍ ሎቭበርድ ከ16 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አረንጓዴ ወፍ ነው። የጽድና የሾላ ፍሬ ይወዳል፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ረጅም ጅራት ያለው፣ አንገቱ ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ያለበት በቀቀን አለ። እነዚህን አጥምዶ ቤት ማስገባት ክልክል ነው። በቀቀን ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ እንደኔ ከሆነ፣ ዛፍ ላይ እንዳሉ ማየቱ ይሻላል።

አየሩና ብርሃኑ

ወፉ ከአገሩ ርቆ መጥቶ ጎንደር ይስማማዋል ወይ? ከሞላ ጎደል አዎ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ ለዘብ ያለ ነው። ወፉ የመጣበት አገር ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ ተቀራራቢ ነው። ጎንደርም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት ብዙም አይዋዥቅም። አውሮፓ ያለ ባለቤት በክረምት ጨለማ ምክንያት ልዩ መብራት ይገዛል። እዚህ የጠዋት ፀሐይ በነፃ ነው። የወፉ ጎጆ በረንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ይበቃል፤ ግማሹ ጥላ እስከሆነ ድረስ።

የሚያስቸግረው የሌሊቱ ብርድ ነው፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር። ከመስኮትና ከበር ነፋስ ማራቅ፣ ማታ ጎጆውን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን በቂ ነው። ከሰል አንድዶ ክፍሉን ማሞቅ ግን ወፉን መግደል ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ምግቡ

በምግብ በኩል ጎንደር ወፉን አታስርበውም። ውጭ አገር ለበቀቀን ተፈብርኮ የሚሸጥ እንክብል መኖ አለ። እዚህ እሱን ማግኘት ከባድ ነው፤ በምትኩ ግን ንፍሮ አለን። ጨው ያልነካው የስንዴ፣ የሽምብራና የምስር ንፍሮ ለማካው ደህና ምግብ ነው። ጥራጥሬው በደንብ መብሰል አለበት፤ ጥሬ ባቄላና ቦሎቄ ይጎዱታል። ከዚያ የሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ የበቆሎ እሸት ይጨመራል። ፓፓያ፣ ማንጎና ሙዝ በልኩ።

ቃሪያ ስትሰጡት ማየት ነው። በአንድ እግሩ ይይዘዋል፤ ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ስላለው እንደ እጅ ይጨብጥበታል። በምንቃሩ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በወፍራሟ ምላሱ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ይበላል፤ ልጣጩን መሬት ይጥለዋል። ሰው የሚያለቅስበት ቃሪያ እሱን ምንም አይለውም። ወፎች የሚጥሚጣን ማቃጠል አይሰማቸውም። ስለዚህ ወጥ የሚከለከልበት በበርበሬው ምክንያት አይደለም፤ በሽንኩርቱ፣ በጨውና በዘይቱ ነው።

ኑግ ከዚሁ ከኢትዮጵያ የተገኘ ሰብል ነው፤ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሄዶ የወፍ መኖ ሆኖ ይሸጣል። እኛ ዘይት የምናወጣበትን እነሱ ለወፍ ያሰጡታል። ለማካው ግን ኑግም፣ ሱፍም፣ ሰሊጥም ቀመስ የሚደረጉ እንጂ ዋና ምግብ አይደሉም። ቅባታቸው ብዙ ነው። በእነዚህ የቅባት ፍሬዎች ብቻ የሚኖር ወፍ ጉበቱ ስብ ይሞላል፤ ቫይታሚን ኤም ያጥረዋል። ለውዝ ሲሆን ደግሞ ሻጋታውን መጠርጠር ነው፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበት ይበላል።

ፈጽሞ የማይሰጡ አሉ። አንደኛው አቮካዶ ነው። ጭማቂ ቤቱ ሁሉ በአቮካዶ በሞላበት አገር ይሄን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ትንሽ ቁራጭ እንኳ የወፍ ልብ ሊያቆም ይችላል። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ጠላና አረቄም እንደዚያው። እንግዳ መጥቶ ለሳቅ ብሎ ጠላ ሊያስቀምሰው ሲል ቤተኛው መከልከል አለበት፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

ጭሱ

ጎንደር ቤት ውስጥ ማካው ለማሳደግ ከባዱ ነገር ምግብም ብርድም አይደለም። አየሩ ነው። ወፍ ከሳንባው ሌላ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ ሲተነፍስ አየሩ በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል። ለመብረር የሚያስፈልገውን ኦክስጅን የሚያገኘው እንዲህ ነው። ግን መርዙንም በዚያው ፍጥነት ይስበዋል። ድሮ የእንግሊዝ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ ይዘው ጉድጓድ የሚወርዱት ለዚህ ነበር። ጋዝ ካለ ወፉ ከሰው በፊት ይወድቃል።

አሁን የኛን ሳሎን አስቡት። ከሰሉ ተቀጣጥሏል። ቡናው ይቆላል፤ ጭሱ እንግዶቹ አፍንጫ ድረስ ይዞራል። ዕጣኑ ይጨሳል። ማታ ደግሞ ሰንደል ይለኮሳል፤ ትንኝ ካለ ፍሊት ይነፋል። ለኛ ቤት ቤት የሚሸተው ነገር ሁሉ ለወፉ ጉዳት ነው። ቡና ይቅር ማለት አይደለም፤ እንኳን ጎንደር ውስጥ የትም አይሆንም። ግን ቡናው በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ይፈላ፤ ወፉ በሩ የተዘጋ ሌላ ክፍል ይሁን። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ የተሠራበት ግቢ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

የማይታየው ጭስ የባሰ ነው። የማያጣብቀው ጥቁር መጥበሻ የተቀባው ቴፍሎን ነው። ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ለሰው ሽታው እንኳ ላይታወቅ ይችላል። በዚያው ቤት ያለ ወፍ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ማካው ያለበት ቤት የሸክላና የብረት ድስት ይዞ ቢቀጥል ይሻለዋል።

ዶሮ፣ በሽታና ሐኪም

ፈንግል የሐበሻ ዶሮን በየጊዜው እየጠራረገ የሚሄድ በሽታ ነው። በቀቀንንም ይይዛል። ለበዓል ከቅዳሜ ገበያ የተገዛው ዶሮ ግቢው ውስጥ ታስሮ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ማካው ላለው ሰው አስጊዎቹ ቀናት እነዚህ ናቸው። ዶሮውን የነካ እጅ ሳይታጠብ ወፉን አይንካ። ጫማም ይቀየር። ዶሮው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ወፉን ለፀሐይ ማውጣት አይታሰብም።

ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም አለ፤ ሲታኮሲስ ይባላል። ባክቴሪያው በደረቀ ኩስና በላባ ብናኝ ይተላለፋል፤ ሰው ላይ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ያመጣል። በጊዜ ከታወቀ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል። ለሐኪም “ቤቴ በቀቀን አለ” ብሎ መናገር ግማሽ ምርመራ ነው።

ወፉ ራሱ ሕመሙን ይደብቃል፤ ጫካ ውስጥ ድካሙን ያሳየ ይበላል። ላባውን ነፍቶ ከተቀመጠ፣ ጎጆው ወለል ላይ ከወረደ፣ ሲተነፍስ ጅራቱ ከፍ ዝቅ ካለ ነገሩ ከርሟል። ስለዚህ ከመልኩ ይልቅ ክብደቱን መከታተል ያዋጣል። በግራም የሚለካ የማድ ቤት ሚዛን ካለ ወፉን በሳምንት አንዴ መመዘን ነው። 150 ግራም የነበረ ወፍ 15 ግራም ከጎደለበት ሐኪም ያስፈልገዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ባለሙያ አይታጣም። ሆኖም የአገራችን የእንስሳት ሐኪም የዕለት ሥራው ከብት፣ በግ፣ ፍየልና ዶሮ ነው። ወፉ ሳይታመም በፊት ሐኪሙን ማነጋገር ብልህነት ነው።

ጩኸቱና ወሬው

ማካው ትንሽ ስለሆነ ድምፁም ትንሽ አይደለም። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ይጮኻል። ጫካ ውስጥ ከመንጋው ጋር የሚጠራራበት ሰዓት ነው፤ ተቆጥቶ ማስተው አይቻልም። በኪራይ ቤት፣ በአንድ ግቢ አራት አምስት አባወራ በሚኖርበት፣ ይሄ ከአከራይ ጋር ያጣላል። አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው። በሌላ በኩል ሰው የማይጠፋበት ቤት ለወፉ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚውል ማካው ላባውን መንጨት ይጀምራል፤ አንዴ ከለመደው ደግሞ ለማስተው ያስቸግራል።

ቃላት ይለምዳል፤ ድምፁ ቀጠን ያለ ነው። ካስተማሩት ይልቅ በስሜት የተነገረውን ቶሎ ይይዛል። የግቢው በር ሲንኳኳ ቤተሰቡ “ማነው?” እያለ የሚጮኽ ከሆነ የመጀመሪያ ቃሉ እሷ ልትሆን ትችላለች። የስልክ ጥሪና የባጃጅ ጡሩንባም አይቀሩም። ቤት ውስጥ ስድብ ካለ ስድቡንም ይዞ እንግዳ ፊት ያወጣዋል።

አንድ ሰው መርጦ ሌላውን የመንከስ ጠባይ አለው። ስለዚህ ከጅምሩ ሁሉም ቤተሰብ ቢያበላው ጥሩ ነው። በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። በጥምቀት ሰሞን ከተማዋ በማትተኛበት ጊዜ፣ በተለይ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው፣ ጎጆውን ከመንገዱ በራቀ ክፍል ማድረግ ያስፈልጋል።

ጎጆው

ጎጆ ከብረታ ብረት ቤት ማሠራት ይቻላል። ቢያንስ 60 በ60፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር። የፍርግርጉ ክፍተት ከ2 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ አለዚያ ጭንቅላቱን ያስገባል። የዶሮ ሽቦ ግን አይሆንም። ሽቦው የተለበጠበት ዚንክ ሲያኝከው ይመርዘዋል፤ እርሳስ ያለበት ቀለምም እንዲሁ። መቆሚያው የወይራ ወይም የዘይቱን ቅርንጫፍ ይሁን። ቅንጭብና ቁልቋል አጥር ሲሆኑ ጥሩ ናቸው፤ ወተታቸው ግን ለወፍ አይሆንም። ውጭ ሲወጣ ጎጆው ይዘጋ፤ ጭልፊት ጎንደር ሰማይ ላይ ሁሌም አለ።

ፈቃዱና ዕድሜው

ማካዎች ሁሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ሥር ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ቀይ ትከሻው ንግዱ በፈቃድ ከሚካሄድባቸው ውስጥ ነው። ባለ ሰማያዊ ክንፉ ግን ጥበቃው በጣም ከጠበቀባቸው ተርታ ነው። ወፉ ከውጭ ሲመጣ የላኪው አገር ፈቃድ፣ የጤና ምስክር ወረቀትና የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዕውቅና ያስፈልጋል። በእጅ የተረባ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ጫጩት ሳለ የገባ ድፍን ቀለበት እግሩ ላይ አለው። ወረቀት የሌለውን ወፍ በርካሽ አገኘሁ ብሎ መግዛት ወንጀል ውስጥ መግባት ነው፤ በሽታም አብሮ ሊገዛ ይችላል።

ቀይ ትከሻ ማካው በደንብ ከተያዘ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። የዛሬ ተማሪ ገዝቶት ሥራ ይይዛል፣ ያገባል፣ ልጅ ያሳድጋል፤ ወፉ አሁንም ጎሕ ሲቀድ ይጮኻል። ውጭ አገር የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው ይሄን ቀድሞ ማሰብ አለበት። ወፉን ይዞ መውጣትም እንደ ማስገባቱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚሄድበት አገርም የራሱ ሕግ አለው። ካልሆነ የሚረከበው ዘመድ ከአሁኑ ከወፉ ጋር መለማመድ ይኖርበታል።