የከማል ኦል ሞልክ መካነ መቃብር ምንድን ነው?

ከሰሜን ምሥራቅ ኢራኗ ኒሻፑር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ሁለት መቃብሮች ተጎራብተዋል። አንደኛው የገጣሚው የዓጣር ነው፤ ሰማያዊ ጉልላት አለው። ሁለተኛው ዙሪያውን ክፍት የሆነ፣ ቅስቶች ብቻ የቆሙበት መጠለያ ነው። ከሥሩ ያረፈው ሠዓሊው መሐመድ ጋፋሪ ሲሆን ኢራናውያን የሚጠሩት የቃጃር ሥርወ መንግሥቱ ንጉሥ ናስረዲን ሻህ በሰጠው ማዕረግ፣ ከማል ኦል ሞልክ ብለው ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ «አራምጋህ» ይሉታል፤ ማረፊያ እንደ ማለት ነው።

ሠዓሊው በስደት በኖረበት በኒሻፑር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞተ። ሕንፃው ግን የተሠራው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ንድፉ የሁሻንግ ሴይሁን ነው፤ በሐመዳን የኢብን ሲናን፣ በዚያው በኒሻፑር ደግሞ የዑመር ኻያምን መቃብር የነደፈው አርክቴክት።

ሴይሁን ጉልላት ቢሠራ ኖሮ ከዓጣሩ ጋር ፉክክር ይሆንበት ነበር። እሱ የመረጠው ቅስትን ነው፤ ሠዓሊው የተወለደበት አካባቢ፣ ካሻን፣ በቅስትና በጡብ ጣሪያ የታወቀ ነውና። በረጅሙ ጎን ሁለት፣ በአጭሩ ጎን አንድ ትልቅ ቅስት ይታያል። ውስጥ ሲገቡ ሌሎች ቅስቶች ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ተሻግረው ይጠላለፋሉ። መልኩ የድሮ ነው፤ አካሉ ግን አርማታ ነው። በጡብ ቢሆን ቅስቱ ወደ ውጭ የሚገፋውን ኃይል የሚቋቋም ወፍራም ግድግዳ ያስፈልግ ነበር። አርማታ ውስጥ ያለው ፌሮ ይህ ግፊት የሚፈጥረውን ጉተታ ስለሚይዝ እግሮቹ ቀጭን ሆነው፣ ጎኑም ክፍት ሆኖ ይቆማል።

ዓይን የሚይዘው ግን ልባሱ ነው። ሥራው «ሙአረቅ» ይባላል፣ ተቆርጦ የሚገጣጠም የሸክላ ሞዛይክ። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ሸክላ ላይ ተቀብቶ፣ የሚስማማው ሙቀት ላይ ይተኮሳል፤ ሰማያዊው ከነጩ ጋር አንድ ምድጃ ውስጥ ተስማምቶ እንዲወጣ አይገደድም። ንድፉ ወረቀት ላይ ይሣልና ቁራጮቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ወረቀቱ ተቆርጦ በየቀለሙ ሸክላ ላይ ይለጠፋል፤ ባለሙያው ዙሪያውን በሹል መዶሻ ይፈለፍላል፣ በሞረድ ያስተካክላል። ጠርዙን ወደ ኋላ ማዘንበል ግዴታ ነው፦ ከፊት ለፊት ቁራጮቹ ፀጉር እስከማያስገባ ድረስ ይገጥማሉ፣ ከኋላ ግን ክፍተት ይቀራል፤ ማጣበቂያው ገብቶ የሚጨብጠው እዚያ ነው። ከዚያ በፊታቸው ተደፍተው ይደረደራሉ። ባለሙያው በዚህ ጊዜ ቀለሙን አያየውም፣ ቁጥሩን ነው የሚከተለው። ጀርባቸው ላይ ጄሶ ፈስሶ አንድ ሰሌዳ ሲሆኑ ይለጠፋሉ።

ለዚህ ሕንፃ ሙአረቅ የተስማማው ለውበቱ ብቻ አይደለም። ትልቅ ጠፍጣፋ ሸክላ በጎበጠ ገጽ ላይ ጠርዙ ይነሳል፤ ትንንሹ ቁራጭ ግን ኩርባውን ተከትሎ ይዞራል።

ችግሩ ውሃ ነው። ኒሻፑር በጋው ይግላል፣ ክረምቱ ውርጭ አለው። አርማታና ሸክላ በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይከፈታል። ዝናብ ይገባል፣ ሌሊት በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ሸክላውም ይላቀቃል። ዘልቆ ፌሮው ጋ ከደረሰ የባሰ ነው፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የለቀቀውን ቦታ ለማወቅ በጣት አንጓ ማንኳኳት ይበቃል፤ የያዘው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው ባዶ ማድጋ ይመስላል።

ሲጠገንም ሁሉንም ቀለም አንድ ላይ በሚተኩሰው ርካሹ ዘዴ፣ «ሐፍት ራንግ» በሚባለው መተካት ያጓጓል። ግን ያስታውቃል። የሙአረቅ ቁራጮች እያንዳንዳቸው በጥቂቱ ዘንበል ስለሚሉ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ገጹ ይንቀሳቀሳል፤ የተተካው ሥፍራ ደግሞ እንደ መስተዋት አንድ ጊዜ ያበራና ይጠፋል።