«እነሱ ባይኖሩ ሰላም ነበር»፦ በአራብሳ ጎዳና ላይ ስለሚያድሩ ሰዎች የሚባለውና እውነታው

ባለፈው ጥቅምት በአዲስ አበባ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ነዋሪዎች ስለ ጸጥታ ለመነጋገር ተሰብስበን ነበር። ከሳምንት በፊት አንዲት ነርስ ጎረቤታችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ተነጥቃለች። ውይይቱ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ወደ አንድ ሐሳብ አዘነበለ፤ ከአጥራችን ሥር የሚተኙት ሰዎች ይነሡ የሚል። ድምፅ ሲሰጥ እኔም እጄን አወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይነሡ ካልናቸው መካከል አንዷን ጠዋት ጠዋት ሰላም እላታለሁ።

ከዚያ ወዲህ በስብሰባው የተባለውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ስጠይቅና ሳጣራ ከረምኩ።

«ከሌላ ቦታ መጥተው የሰፈሩብን ናቸው»

የሰፈርነው እኛ ነን። በ1996 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ግንባታ በአዲስ አበባ ሲጀመር አራብሳ ገና የገበሬ እርሻ ነበረች። የብሎካችን ጥበቃ የዚሁ አገር ሰው ናቸው። አንድ ማታ ከሰል አያይዘው ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ድሮው ጠየቅኋቸው። በዱላቸው የመኪና ማቆሚያውን እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ አውድማችን እዚያ ነበር። በሬዎቹ ደግሞ አሁን አንቺ ልብስ የምታሰጪበት ቦታ ላይ ነበር የሚያድሩት» አሉኝ።

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ገበሬው ሲነሣ የሚካሰው መሬቱን ሳይሆን ምርቱንና በላዩ ያለውን ንብረት ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳው የአምስት ዓመቱ አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይሰላ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ከፍ ቢያደርገውም ቀድመው ለተነሡት አልደረሰላቸውም። ከእርሻ በቀር ሌላ ሥራ ለማያውቅ ሰው አንዴ የተሰጠ ብር ስንት ዓመት ይዘልቃል? ጎጆ ይቀለስበታል፣ ልጅ ይዳርበታል፣ ያልቃል። ከአጥራችን ሥር ከሚያድሩት ወጣቶች አንዱ የጥበቃው የድሮ ጎረቤት ልጅ ነው። የሚተኛውም አባቱ ሲያርሱት በነበረው መሬት ላይ ነው።

ከሌላ ቦታ የመጡም በእርግጥ አሉ። ጨረቃ ቤታቸው የፈረሰባቸው አሉ። እነዚህን ሕንፃዎች ሊሠሩ መጥተው ሥራው ሲያልቅ መሄጃ ያጡም አሉ። አስፋልቱ ሲገባልን እኛ ደስ አለን፤ በዙሪያው ያለው የጭቃ ቤት ኪራይ ግን በዚያው ሰሞን ተወደደ። የኪራይ ቤት አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራይን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከመባረር ይጠብቃል። ይህ ግን ውል ላለው ሰው ነው፤ በአዳር እየከፈለ ከሌሎች ጋር ተደራርቦ ለሚተኛ የቀን ሠራተኛ ማን ውል ይጽፍለታል?

«ሌባ እነሱ ናቸው»

ነርሷን ቤቷ ሄጄ ስለዚያ ምሽት ጠየቅኋት። የነጠቋት ሁለት ወጣቶች መብራቱን አጥፍቶ ከቆመ መኪና ነው የወረዱት፤ ደህና የለበሱ ናቸው። ይህን በስብሰባው ላይ አልተናገረችም፣ ማንም አልጠየቃትማ። በማግስቱ የሥራ ባጇን ከቦይ ውስጥ አግኝቶ ለጥበቃው ያስረከበው ግን ከአጥራችን ሥር ከሚያድሩት ልጆች አንዱ ነው።

ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው አይሰርቅም እያልኩ አይደለም። ይሰርቃል፤ ቤት ያለውም ይሰርቃል። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ጀምሮ ሞተር ሳይክል ያገደው በሞተር እየተደረገ የሚፈጸመው ንጥቂያና ዘረፋ ስለበዛ ነበር። ሞተር ያለው ሰው ካርቶን አንጥፎ አይተኛም።

በጣም የሚዘረፉት ራሳቸው ውጭ የሚያድሩት ናቸው። ጫማቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት ለዚህ ነው። ሰላም የምላት ሴት የዋናው በር መብራት ሥር ነው የምትተኛው። «በራችን ላይ ተኛችብን» ተብሎ በስብሰባው የተነሣውም በእሷ ነው። ለምን እዚያ እንደምትተኛ ስጠይቃት፣ «እትዬ፣ ጨለማ ውስጥ ከተኛሁ ወንዶች ይመጡብኛል። እዚህ ግን የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ያየኛል» አለችኝ። ያን መብራት እኛ ያስተከልነው እሷ የምትፈራውን ጨለማ እኛም ስለምንፈራ ነው። አብረን የምንፈራውን ነገር ትተን እሷን መፍራታችን ያሳዝነኛል።

«ሥራ ስለማይወዱ ነው»

ንጋት ላይ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ወደ ማዞሪያው የወጣ ሰው ይህን አይልም። አካፋ የያዙ ወንዶች በብርዱ እግራቸውን እያፈራረቁ ሥራ ይጠብቃሉ። ፒክአፕ ቆሞ «አምስት ሰው!» ሲባል ሃያ ሰው ይሮጣል። «ይነሡ» ብሎ ቀድሞ የተናገረው ጎረቤታችን ቤቱን ፊኒሺንግ ሲያሠራ ሲሚንቶ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክሞ ያወጣለት ከነዚሁ ልጆች አንዱ ነበር።

ችግራቸው ወረቀት ነው። ለጥበቃም ለቤት ሠራተኛነትም ለመቀጠር ተያዥ ያስፈልጋል። ተያዥ የሚሆነው የሚያውቅህና መታወቂያ ያለው ሰው ነው። አንተም መታወቂያ እንድታወጣ ወረዳው ከመጣህበት ቦታ መሸኛ አምጣ፣ የቤት ቁጥር ንገረኝ ይልሃል። ቤት ለመከራየት ደግሞ አከራዩ መታወቂያ ይጠይቅሃል። ቤትም ሥራም በዚያች ካርድ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ካርዷ ደግሞ ቤት ትፈልጋለች። የገበሬውን ልጅ ለምን እንደ ብሎካችን ጥበቃ አትቀጠርም ስለው፣ «የማውቀው ሁሉ እንደኔ ነው፣ ማን ተያዥ ይሆነኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ማስቲሽ የሚስብ ሰው አይመለስም»

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ውጭ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ልጆቹ ማስቲሽ የሚስቡት ብርዱንና ረሃቡን ስለሚያደነዝዝላቸው እንደሆነ ራሳቸው ይናገራሉ። ጤናቸውን ይጎዳል፣ አይካድም። ግን ሆዳቸው ሞልቶ፣ ብርድ ልብስ ያገኙ ለታ ሳይስቡ የሚያድሩ አሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

«መቄዶንያ አለ፣ እዚያ ይግቡ»

የአቶ ቢኒያም በለጠን ሥራ የማያከብር ያለ አይመስለኝም። ሆኖም መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ጤነኛ የሆነ የሃያ ዓመት የቀን ሠራተኛ የሚያስፈልገው መኝታና መታወቂያ ነው። መንግሥት የከተማ ድሆችን ለመደገፍ በ2009 ዓ.ም. በጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጎዳና ላይ ለሚኖሩ የሚሆን ድጋፍም ተካቷል። መጠየቅ ካለብን ወረዳችንን ይህን እንጠይቅ።

«አፈሳ ሲኖር ሰፈሩ ይጸዳል»

በዓል ሲቃረብ ወይም ትልቅ ስብሰባ ሲኖር ይታፈሳሉ። የማውቃት ሴት አንድ ጊዜ ተወስዳ በአራተኛው ቀን በእግሯ ተመለሰች። ብርድ ልብሷና ካርዷ ያለበት ፌስታል ግን እዚያው ቀረ፤ የሐኪም ቤት ካርድ ነበር፣ የደም ግፊት አለባት። መድኃኒቷን እንደገና ለመጀመር ወር ፈጀባት። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ስለ አደገኛ ቦዘኔነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 384/1996 እንኳ መተዳደሪያ ማጣትን ብቻውን ጥፋት አያደርገውም።

«አጥሩ ከፍ ቢል እንተኛለን»

አጥሩን አምና ከፍ አድርገናል። ያኔ በጓሮ በኩል የነበረችውን የእግረኛ በርም ዘጋናት። ከታክሲ የወረደ ሰው በዚያች በር ሁለት ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ አሁን ግንቡን እየታከከ ቦይ ለቦይ ዙሮ ይመጣል። በዚያ በኩል መስኮት የለም፣ መብራት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ካርቶን አንጥፎ የተኛ ሰው እንኳ የለም። ነርሷ የተነጠቀችው እዚያ ነው።

የሚፈራው ሰው ፍርሃት እውነት ነው፤ በተለይ ማታ ብቻዋን የምትገባ ሴት የምትፈራውን እኔም እፈራዋለሁ። እሁድ ስብሰባ አለን። የጓሮው በር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እንዲከፈትና ከግንቡ ኋላ ሁለት መብራት እንዲተከል ሐሳብ አቀርባለሁ። ለገበሬው ልጅ ተያዥ ለመሆን እኔ ተስማምቻለሁ። ስለ እሱና ስለ ሴትየዋ ማንነት ለወረዳው የሚቀርብ የምስክርነት ደብዳቤም ጽፈናል፤ እስካሁን ስድስት ሰው ፈርሞበታል። መጀመሪያ የፈረመችው ነርሷ ናት።