እሑድ 10 ሰዓት፦ ስለ መኪና እና ሞተር ብስክሌት ውድድር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጅማ መርካቶ አጠገብ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ጠብ አይጠፋም። አብዛኛው የአውሮፓ ፎርሙላ ዋን ውድድር የሚጀምረው በዚያ ሰዓት ነው፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታም እንዲሁ። ባለቤቷ እትዬ ትልቁን ቴሌቪዥን ለኳሱ፣ በጓሮ በኩል ያለችውን ትንሿን ለእኛ ይፈርዳሉ። "እናንተ ሰባት ናችሁ፤ እነሱ ሰባ" ይላሉ። ፍርዱ ትክክል ስለሆነ ይግባኝ አንልም።

ከሰባታችን ሁለቱ የባጃጅ ሹፌሮች፣ አንዱ መካኒክ ነው፤ የቀረነው ከኳሱ ክፍል ኮብልለን የመጣን ነን። ስለዚህ ስህተታችን በአብዛኛው ከሁለት ምንጭ ይቀዳል፤ የምናየውን ሁሉ ወይ በኳስ ዐይን እናያለን፣ ወይ በባጃጅ። የ2025 ውድድር ዓመት ካለቀ በኋላ ስንከራከርባቸው ከከረምናቸው ጥቂቶቹን ላንሣ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑ የአውሮፓውያኑ ነው።)

"ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ነው ሻምፒዮን መሆን ያለበት"

ከባጃጅ ሹፌሮቹ አንዱ እስከ ዛሬ ቁጣው አልበረደም። ማክስ ቨርስታፐን በ2025 ፎርሙላ ዋን 8 ውድድር አሸነፈ፤ ላንዶ ኖሪስ 7። ዋንጫውን የወሰደው ግን ኖሪስ ነው። "ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?" ይላል።

የሂሳብ ፍርድ ነው። አንደኛ የወጣ 25 ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛው 18፣ ሦስተኛው 15፤ እንዲህ እያለ አሥረኛው ላይ 1 ነጥብ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ ሁለተኛ የወጣ ሰው 36 ነጥብ ይይዛል፤ አንዱን አሸንፎ በሌላው ከውድድር የወጣው ደግሞ 25። በ24 ውድድሮች ውስጥ ይህ ልዩነት እየተጠራቀመ ይሄዳል። ኖሪስ 423፣ ቨርስታፐን 421፣ የኖሪስ የቡድን ጓደኛ ኦስካር ፒያስትሪ 410 ይዘው ጨረሱ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከኔዘርላንዱ ውድድር በኋላ ቨርስታፐን ከመሪው ፒያስትሪ 104 ነጥብ ርቆ ነበር። ያን ሁሉ ተከታትሎ ሁለት ነጥብ ሲቀረው መቆሙ ነው እንጂ የሚያስገርመው፣ ዋንጫውን ማጣቱ አይደለም።

ይህ ሰው አንድ ነገር ይረሳል። ላስ ቬጋስ ላይ ኖሪስ ሁለተኛ፣ ፒያስትሪ አራተኛ ወጥተው ነበር። ከመኪኖቻቸው ሥር ያለው መከላከያ ጣውላ ሲለካ ደንቡ ከሚጠይቀው 9 ሚሊ ሜትር ሳስቶ በመገኘቱ የሁለቱም ውጤት ተሰረዘ። ከጥፍር ውፍረት ያነሰ ጉድለት ኖሪስን 18 ነጥብ አሳጥቶታል። ያ ባይሆን ኖሮ የመጨረሻው ቀን ጭንቀት በቀለለ ነበር።

ወደ ሞቶ ጂፒ፣ ወደ ሞተር ብስክሌቱ የዓለም ሻምፒዮና፣ ከመጣን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2024 ፍራንቼስኮ ባኛያ የእሑዱን ውድድር 11 ጊዜ አሸነፈ፤ ሆርሄ ማርቲን 3 ጊዜ ብቻ። ሻምፒዮኑ ማርቲን ሆነ፤ 508 ለ498። ባኛያ ካላሸነፈ ደጋግሞ ይወድቅ ነበር፤ ማርቲን ግን ቅዳሜም እሑድም ነጥብ ይለቅማል። ቅዳሜ የሚደረገው አጭር ውድድር ለአሸናፊው 12 ነጥብ ይሰጣል፤ እኛ ቅዳሜ ሥራ ላይ ስለሆንን አናየውም፤ ነጥቡ ግን ይቆጠራል። በ1984 ኒኪ ላውዳ 5 ድል ይዞ 7 ጊዜ ያሸነፈውን አለን ፕሮስትን በግማሽ ነጥብ በለጠው። በ1982 ኬኬ ሮዝበርግ አንድ ድል ብቻ ይዞ ሻምፒዮን ሆነ።

ይህን ስህተት በኳስ ማሳበብ እንኳ አይቻልም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ በወጣበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሣ ከተማው የጨፈረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳምንት ለተለቀመ ነጥብ ነበር።

"የ2021 ዋንጫ ተሸጧል"

ይህ ግን ጥርት ያለ የኳስ በሽታ ነው፦ ስንሸነፍ ዳኛው በልቷል። አቡ ዳቢ ላይ ሉዊስ ሃሚልተን እና ቨርስታፐን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ለመጨረሻው ውድድር ቀረቡ። ሃሚልተን እየመራ ሳለ ኒኮላስ ላቲፊ ከግድግዳ ጋር ተጋጨና ሴፍቲ ካር፣ አደጋ ሲኖር ሁሉንም ከኋላው አስከትሎ በዝግታ የሚመራው መኪና፣ ወጣ። ቨርስታፐን አዲስ ጎማ አስገጠመ፤ ሃሚልተን ባረጀው ቀረ። የውድድሩ ዳይሬክተር በሁለቱ መሐል የነበሩትን፣ በዙር የተቀደሙ 5 መኪኖች ብቻ ለይቶ ሴፍቲ ካሩን እንዲያልፉ ፈቀደ፤ ሴፍቲ ካሩንም ደንቡ ከሚለው አንድ ዙር አስቀድሞ አስወጣ። በመጨረሻው ዙር ቨርስታፐን አለፈ።

ዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን በመጋቢት 2022 ባወጣው ሪፖርት ደንቡ በአግባቡ እንዳልተፈጸመ አመነ፤ ምክንያቱን የሰው ስህተት አለው፤ ውጤቱን ግን አልሻረም። ዳይሬክተሩም ከቦታው ተነሥቷል። እንግዲህ "ተበድሏል" የሚል ሰው አልዋሸም፤ "ተሸጧል" የሚል ግን ማስረጃውን ያምጣ። እኔ የሃሚልተን ደጋፊ ነኝ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል።

"እንዲህ የሚበረው ሞተሩ ትልቅ ስለሆነ ነው"

መካኒኩ ራሱ ለዓመታት ያመነበት ነው። ከ2014 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን ሞተር 1.6 ሊትር ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ ከሚመላለሰው ሚኒባስ ያነሰ። ምሥጢሩ ያለው አየር ጨፍልቆ በሚያስገባው ቱርቦ፣ በደቂቃ እስከ 15,000 እንዲዞር በሚፈቅደው ደንብ እና ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪ በሚመልሰው የኤሌክትሪክ ክፍል ነው። አንድ ላይ ወደ 1,000 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። እስከ 2026 ድረስ የሞቶ ጂፒ ሞተር ልክ 1000 ሲሲ ነው፤ በሲሲ ብቻ ከተቆጠረ የአምስት ባጃጅ ያህል። አምስት ባጃጅ ግን ተደምሮ ከ50 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይዘልም፤ ያኛው ብቻውን ከ270 በላይ ያወጣል፤ ክብደቱ ደግሞ 157 ኪሎ ገደማ።

ከዚሁ የሚወለድ ሌላ ክርክር አለ። የሜክሲኮ ሲቲ ትራክ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከጅማ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ብስክሌት ይዞ አዲስ አበባ የወጣ ሰው ሞተሩ እንዴት እንደሚያቃስት ያውቃል፤ ስለዚህ "ሜክሲኮ ላይ መኪኖቹ ይደክማሉ" ይላል። ቱርቦው የሳሳውን አየር ስለሚያካክስ ጉልበቱ ያን ያህል አይጎድልም። እንዲያውም መኪናውን የሚገታው አየር ስለቀነሰ ቀጥታው መንገድ ላይ ይከንፋል። የሚቸገረው ኩርባ ላይ ነው፤ ክንፎቹ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫኑበት አየር የላቸውም።

"ጥርስ የሌለው ጎማ እንዴት መሬት ይይዛል?"

ከባጃጅ ሹፌር የተጠበቀ ጥያቄ ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በጅማ ዝናብ ምን እንደሚያደርግ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የጎማ ጥርስ ሥራው ግን ውኃ ማስወጣት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ቦይው ባዶ ቦታ ነው፤ መሬት የሚነካውን ላስቲክ ይቀንሳል። የውድድር ጎማ ለስላሳ ቅመም አለው፤ ሲሞቅ ይጣበቃል፤ ለዚህም ነው ከመነሻው በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚታየው። ዝናብ ሲመጣ እነሱም ባለ ጥርሱን ያስገጥማሉ፤ ለከባድ ዝናብ የተሠራው የፒሬሊ ጎማ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በሴኮንድ እስከ 85 ሊትር ውኃ ይረጫል። የባጃጁ ያለቀ ጎማ ግን ያው ያለቀ ጎማ ነው። ወንድሜ፣ ቀይረው።

"ጉልበቱን መሬት የሚያስነካው ለታይታ ነው"

የሞቶ ጂፒ ብስክሌት ኩርባ ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይጋደማል። ተወዳዳሪው ሰውነቱን ወደ ውስጥ ሲያወጣ ክብደቱ ወደ ኩርባው ይሳባል፤ ስለዚህ ብስክሌቱ ራሱ በዚያው ፍጥነት ትንሽ ቀና ብሎ ማለፍ ይችላል። ጉልበቱ መለኪያ ነው፤ አስፋልቱን ሲነካ ምን ያህል እንደተጋደመ ይነግረዋል። አሁንማ ክርናቸውም ይነካል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው መንገድ ይህን ሊሞክር የሚያስብ ካለ፣ እነዚያ ሰዎች ከ2018 ጀምሮ ልብሳቸው ውስጥ ደንቡ የሚያስገድደው የአየር ከረጢት እንዳለ ልብ ይበል።

መንሸራተቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ወድቀው ተነሥተው ይሮጣሉ። የሚያስፈራው ሌላ ብስክሌት ሲመታቸው ነው። ማርክ ማርኬዝ በ2025 ጃፓን ላይ 5 ውድድር ሲቀረው ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ፤ በሳምንቱ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሌላ ተወዳዳሪ ከኋላ ገጭቶት ትከሻው ተጎዳ፤ የቀሩትን 4 ቤቱ ሆኖ አየ።

"ሹፌሩ ተቀምጦ ነው፤ ሥራው የመኪናው ነው"

አጭር መልስ፦ በ2024 ቨርስታፐን ሻምፒዮን ሲሆን፣ ያንኑ መኪና የያዘው ሰርጂዮ ፔሬዝ 8ኛ ወጣ፤ ቡድናቸውም በቡድኖች ደረጃ ሦስተኛ ነበር። መቀመጡን በተመለከተ፣ ፍሬን ሲይዝ የጭንቅላቱን ክብደት 5 እጥፍ በአንገቱ የሚቋቋም ሰው ተቀምጧል ከተባለ፣ አዎ ተቀምጧል።

"አፍሪካ ከዚህ ስፖርት ውስጥ የለችም"

ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር በ1979 በፌራሪ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ነበር። የኪያላሚ ትራክ እስከ 1993 ውድድሩን አስተናግዷል። ብራድ ቢንደር ዛሬም ሞቶ ጂፒ ላይ አለ። ከሁሉም የሚቀርበን ግን ኬንያ ነው፤ በ1953 የተጀመረው ሳፋሪ ራሊ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመልሷል። ኡጋንዳ ውስጥ የተወለደው ሼካር ሜህታ አምስት ጊዜ አሸንፎታል። አቧራው፣ ድንጋዩ እና ድንገት የሚወርደው ዝናብ ከጅማ ገጠር መንገድ የተቀዳ ይመስላል፤ ባጃጅ ሹፌሮቻችን የሚያምሩበት ብቸኛ ውድድር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ራሊው ጠዋት ስለሚጀምር ከኳሱ ጋር አይጋጭም። እትዬ ለዚያ ቀን ትልቁን ቴሌቪዥን ሊለቁልን ቃል ገብተዋል።