የመሐል አዲስ አበባ የመኳንንት ቤቶች

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረችበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ራሶች፣ ደጃዝማቾች፣ ሚኒስትሮችና ባለጸጋ ነጋዴዎች በአራዳ፣ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ፣ በቀበናና በአካባቢያቸው ትልልቅ ቤቶችን አሠርተዋል። አብዛኞቹ በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ነበሩ። ዛሬ የቆሙት ከነበሩት ጥቂቱ ናቸው። በሰፊ በረንዳቸው፣ በተፈለፈለ የእንጨት ጌጣቸውና በጣሪያቸው ላይ በምትቆመው ትንሽ ሰገነት ይለያሉ። ስለ ጌጣቸው ብዙ ይወራል፤ ቅርጻቸውን የወሰነው ግን ግብር ማብላትና ደጅ ጠኚ መቀበል ነው። በነዚህ ግቢዎች ውስጥ የጌታው መኝታና ሳሎን የያዙት ቦታ ትንሹን ነበር።

ሰፈርና ጉብታ

ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውኃ አጠገብ ሲሰፍሩ ከተማዪቱ የተደለደለችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። ቤተ መንግሥቱ ዋናውን ኮረብታ ያዘ፤ መኳንንቱ በዙሪያው ባሉት ጉብታዎች ላይ እንደየማዕርጋቸው ቦታ ተመሩ። የጌታው ቤት ከጉብታው አናት ይሠራል፤ ካህኑ፣ ወታደሩ፣ ባለ እጁና አሽከሩ ከሥር ተደርድሮ ጎጆውን ይቀልሳል። ከአንዱ ጌታ ሰፈር እስከ ሌላው ያለው ሸለቆ የቀበና፣ የግንፍሌ፣ የቀጨኔና የሌሎቹ ወንዞች ነበር። አዲስ አበባ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሀብታምና የድሃ ሰፈር ሳትለይ የቆየችው በዚህ ድልድል ምክንያት ነው። ከቆርቆሮ አጥር ወዲህ ጉሊት፣ ከአጥሩ ወዲያ የራስ እገሌ ግቢ ይሆናል።

ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ድልድል ቅሪት ናቸው። ደጃች ውቤ ሰፈር ኋላ «ውቤ በረሃ» ተብሎ በመሸታ ቤቶቹና በሌሊት ጭፈራው ገነነ። ስሙን ያወረሱት ደጃዝማች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር መገመት አይከብድም።

መጀመሪያ ላይ ቦታው የጌታው ነበር ለማለት አያስደፍርም፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡትን ንጉሠ ነገሥቱ ይነሡታል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የከተማ መሬት ደንብ ቦታን በግል መያዝን፣ መሸጥንና ማውረስን ፈቀደ። በዚሁ ዓመት ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦሩን፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ ፍርዱን፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ንግዱንና የውጭ ጉዳዩን ያዙ። ሚኒስትር ሲኮን ደግሞ በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱ የሹሙ የራሱ ግቢ ነበር፤ ባለጉዳዩ የሚሄደው ወደ ሹሙ ቤት ነው። ቢትወደድ እስከ መባል የደረሱት የኃይለ ጊዮርጊስ የአራዳ ቤትም ኋላ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ሰው በብዛት ሲገባና ሲወጣበት የኖረ ቤት መሥሪያ ቤት ለመሆን ብዙ መለወጥ አላስፈለገውም።

ከውጪ በር እስከ ጓሮ

የአንድ ትልቅ ጌታ ግቢ የሚጀምረው ከውጪ በር ነው። በረኛው ዱላውን ይዞ ይቆማል፤ ባለጉዳዩ ስሙንና የማን ሰው እንደሆነ ተናግሮ ወደ ሜዳው ይገባል። ይህ ሜዳ ባዶ ቦታ ቢመስልም የግቢው ዋና ክፍል እርሱ ነበር። ሹመት የሚለምን፣ የመሬት ክርክር ያለበት፣ ከአገር ቤት ግብር ይዞ የመጣ፣ የተቀማ በቅሎውን የሚፈልግ ሁሉ ሳምንትም ወርም ደጅ የሚጠናው እዚያ ነው። የጌታው እልፍኝ ከፎቅ ሲሆን መውጫው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ውጭ በተሠራ ደረጃ ነው፤ ደረጃው በረንዳው ላይ ያደርሳል። ጌታው በረንዳው ላይ ብቅ ሲል ሜዳው በሙሉ ያየዋል፣ እርሱም ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ያያል። የእነዚህ ቤቶች በረንዳ ከክፍሎቹ ጋር ሲመዛዘን ለምን ያን ያህል እንደሰፋ የሚገባኝ ሜዳውን ሳስብ ነው፤ ለፀሐይ መሞቂያ ብቻ ቢሆን ግማሹ በበቃ ነበር።

ከእልፍኙ ጎን አዳራሹ ይቆማል። አዳራሽ ግብር የሚበላበት ነው። በቤተ መንግሥቱ ያለው ባለ ሦስት ክፈፍ ትልቁ የምኒልክ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ ያስተናግድ ነበር፤ መኳንንቱም እንደ አቅማቸው ያንኑ ሥርዓት በየግቢያቸው አቆሙ። ጌታው አልጋው ላይ ሆኖ መጋረጃው ተጋርዶለት ይቀምሳል፤ ቀጥሎ ትልልቆቹ እንግዶች ይቀርባሉ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ጭፍራው በማዕርጉ እየተጠራ ይገባል። አጋፋሪው ያስቀምጣል፣ ያስነሣል፤ አንዱ ሲጠግብ ሌላው በቦታው ይተካል። ብርንዶው በተሸካሚ ይዞራል፣ ጠጁ ለትልቁ በብርሌ፣ ለጭፍራው በዋንጫ ይወርዳል። ማን ከማን በላይ ተቀመጠ የሚለው ነገር ከምግቡ ይልቅ ያነጋግር ነበር።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ጓሮው ነው። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ ጎተራ፣ የበቅሎና የፈረስ ጋጣ እያንዳንዱ የራሱ አለቃ አለው። ማሩ፣ እህሉና ሰንጋው የሚመጣው ጌታው ከሚገዛው አገር ገባር ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ግቢ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስነው ከሩቅ ያለው ግዛት ነበር። ግዛቱ ሲነሣ ጠጅ ቤቱ ይነጥፋል፣ ሜዳው ይራቆታል።

ግንበኞቹና ዕቃው

ቤቶቹን የሠሩት የሀገሬው ግንበኞች ከህንድ፣ ከአርመን፣ ከግሪክና ከጣልያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ነው። በዘመኑ ስማቸው ከሚነሣ መሐንዲሶች አንዱ አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ናቸው። የህንድ አናጢዎች እጅ በበረንዳው መከታና በክፈፉ ጠርዝ ላይ ይታያል፤ ሳንቃው እንደ ጥልፍ እየተፈለፈለ ቅጠልና ኮከብ ይወጣበታል። ግድግዳው ብዙውን ጊዜ በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ሲሆን የላይኛው ፎቅ ቀለል ባለ እንጨትና ጭቃ ይሠራና በኖራ ይቀባል። ምሰሶና ወለል የሚሆነው ጥድ ነው፤ ባሕር ዛፍ በከተማዪቱ ዙሪያ ከበቀለ በኋላ ማገሩና ወራጁ የእርሱ ሆነ። ኮርኒሱ ላይ አቡጀዲ ተወጥሮ በኖራ ይቀባ ነበር፤ ዝናብ ሲያፈስስ ቡናማ ካርታ የሚሥልበት ያ ኮርኒስ ነው።

ጣሪያው መጀመሪያ ሣር ነበር። ቆርቆሮ በግመልና በበቅሎ ጀርባ እየተጫነ ሲመጣ የትልቅ ሰው ምልክት ሆነ፤ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን ቆርቆሮም መስተዋትም ሚስማርም በብዛት ገባና ለነጋዴውም ደረሰ።

የነጋዴው ቤት ጠባይ ሌላ ነው። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ በነበረው ትልቅ ገበያ አጠገብ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ከታች ሱቅና መጋዘን፣ ከላይ መኖሪያ አድርገው መንገዱን ይዘው ሠሩ። ሜዳ የለም፣ አዳራሽ የለም፤ በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈታል። ከህንዶቹ ንግድ ቤቶች ትልቁ የነበረው የመሐመዳሊ ድርጅት ስም ፒያሳ ውስጥ ዛሬም ይነሣል። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያሠሩት ሆቴል ከሁለቱም ወስዷል፤ በረንዳውና የእንጨት ወለሉ የመኳንንት ቤት ነው፣ ሥራው ግን ገንዘብ ለሚከፍል ሁሉ ክፍት ነበር።

እሳት፣ ወረራና ገነተ ልዑል

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከተማዪቱን ለቀው ሲወጡ፣ ጣልያን እስኪገባ በነበሩት ጥቂት ቀናት አራዳ ተዘረፈ፣ ብዙ ሱቅና ቤትም ተቃጠለ። ጣልያኖች ደግሞ የተረፈውን ለሹሞቻቸው ወሰዱ፤ የመሐመዳሊን ድርጅት በ1929 ዓ.ም. አባረሩ፤ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አንሥተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወሩ። አራዳ ገበያውን ሲያጣ የነጋዴዎቹ ቤቶች መተዳደሪያቸውን አጡ።

በራስ መኮንን ይዞታ ላይ በ1920ዎቹ አጋማሽ የተሠራው የስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደ አውሮፓ የዞረ ሌላ ፈሊጥ ነው። ግራዚያኒ የተቀመጠው እዚያ ነበር፤ የየካቲት 12 ጭፍጨፋም የተነሣው ከዚያው ግቢ ነው። ፊት ለፊቱ ጣልያኖች እያንዳንዱን እርከን ለአንድ የፋሺስት ዓመት መታሰቢያ አድርገው ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ ከነፃነት በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ግቢው ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያው በሙዚየምነት ይጎበኛሉ።

ከአዋጁ በኋላ

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች ይተዳደሩ ጀመር። ገባሩም ጭፍራውም ከቀረ በኋላ ለአንድ ቤተሰብ የማይመጠነው ግቢ ለብዙ ቤተሰብ ተሸነሸነ። እልፍኙ በኮምፔርሳቶ ሦስትና አራት ክፍል ይሆናል። የጣሪያው ከፍታ ለተከራዩ በረከት ነው፤ ቆጥ ተሠርቶ ልጆች ከላይ ይተኛሉ። በረንዳው በጣውላና በቆርቆሮ ተከድኖ ማድ ቤት ይሆናል፣ የተፈለፈለው መከታ በጭስ ይጠቁራል፣ በሜዳው ላይ የጋራ ቧንቧና የጋራ ሽንት ቤት ይተከላል። ተከራዮቹን ቤት አበላሹ ብሎ መውቀስ የተለመደ ነው፤ ፍርደ ገምድል ነው። በጥቂት ብር ኪራይ ማንም ጣሪያ አላደሰላቸውም፤ ቤቶቹ እስካሁን መቆማቸውም ሰው ስለኖረባቸውና በየክረምቱ የሚያፈስሰውን ስለደፈነ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ለእንዲህ ያሉ ቤቶች የሕግ ጥበቃ ይሰጣል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ፈርሰዋል፣ የጣይቱ ሆቴልም በጥር 2007 ዓ.ም. ክፉኛ ተቃጥሏል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ከተመረቀ በኋላ በተከተለው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ተነሡ። ዋና ዋናዎቹን ቤቶች ማቆየት የሚለው አሠራር እዚህ ላይ ጎደሎ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ሰፈር፣ ጓሮውና ሜዳው ሲነሣ የሚቀረው ሣር መሐል የቆመ ባለ በረንዳ ቤት ነው፣ ጎብኚውም ያ በረንዳ ወደ ማን ያይ እንደነበር አያውቅም።

ገብቶ ማየት ለሚፈልግ ቀላሉ መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የራስ ብሩ ቤት ነው። የከተማዪቱ መቶኛ ዓመት ሲከበር በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። የምኒልክ ግቢ አዳራሽና እልፍኞች ደግሞ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሲከፈት ለሕዝብ ክፍት ሆነዋል። በሌሎቹ ላይ ዕድሳት ሲደረግ የሚደጋገም ስሕተት አለ፤ በጭቃ የተገነባው ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰናል። ሲሚንቶው እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፣ ጭቃው ይላላል፣ የእንጨቱ እግር ይበሰብሳል፣ ልስኑም ጥቂት ክረምት ቆይቶ በቁራጭ እየተገመሰ ይወድቃል። መድኃኒቱ ጭቃ፣ ጭድና ኖራ ነው፤ ይህን የሚያውቁ ግንበኞች ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ዕድሳት ላይ ይገኛሉ።