በጾታዋ ነው ወይስ በዘሯ?

አንዲት ጥቁር ሴት መድልዎ ሲደርስባት «የተበደለችው በጾታዋ ነው ወይስ በዘሯ?» የሚለው ክርክር አሁንም ተነሳ። ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ኢንተርሴክሽናሊቲ የሚባለው ይሄ የበደሎች መደራረብ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ሠራተኛ ሲቀንስ ደንቡ «መጨረሻ የገባ ቀድሞ ይውጣ» ነበር። ጥቁር ሴቶች ዘግይተው ስለተቀጠሩ ቀድመው ወጡ። አምስቱ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 የጾታ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ድርጅቱ ሴቶችን ቀጥሯላ! የተቀጠሩት ግን ነጮች ነበሩ። ጾታና ዘርን ደምሮ መክሰስንም አልተቀበለም።

መደብ (ሀብታም ወይም ድሃ መሆን) ሲጨመርበት ይብሳል፦ ደመወዟ ከወር ወር የማያደርሳት ሴት በምን አቅሟ ጠበቃ ትይዛለች?

የጾታና የዘር መድልዎ በብዙ አገር ክልክል ነው። ድምሩን እንደ አንድ በደል ማየት፣ መደብንም በሕግ መጥቀስ ግን ከአገር አገር ይለያያል።