ማልያው የማን ነው? ስለ ክለብ ባለቤቶችና ሰብዓዊ መብት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ የምናይበት አንድ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። ከፊት ወንበር የማይጠፋ የሰፈራችን ልጅ አለ፤ ዕድሜው ከአሥራ ሰባት አይበልጥም፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው የኒውካስል ማልያ ይለብሳል። ማልያው ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ነው። የደረቱ ጽሑፍ ተልጧል፣ ብብቱ ሥር የተተረተረውን እናቱ በነጭ ክር ሰፍታዋለች። ታላቅ ወንድሙ በባሕር ወጥቶ ሳዑዲ ድንበር ላይ የደረሰበት ጠፍቷል።

አምና አንድ ቀን ጨዋታው ሳይጀመር የክለቡን ባለቤት ጉዳይ አነሳሁ፤ ኒውካስልን የያዘው የሳዑዲ ገንዘብ ነው፣ ደጋፊው ባለቤቱን ሊጠይቅ ይገባል አልኩ። ቤቱ በአንድ ድምፅ ተነሳብኝ። ያን ዕለት የተባለኝን ሳስበው ብዙ ሰው ከልቡ የሚያምንበት ነገር ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ኳስና ፖለቲካን ምን አገናኛቸው?»

መጋቢት 4 ቀን 2014 እሑድ ቼልሲ ኒውካስልን አስተናገደ። ደሴ ከጦርነቱ ከወጣች ገና ሦስት ወር ቢሞላት ነው። የተሰደደው ሰው ተመልሶ ያን ቤት ጢም አድርገን ሞልተነው ነበር። ሃቨርትዝ በ89ኛው ደቂቃ አግብቶ 1 ለ 0 አለቀ፤ የቼልሲ ደጋፊዎች ወንበር ላይ ወጥተው ጨፈሩ።

ከዚያ ጨዋታ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የእንግሊዝ መንግሥት የቼልሲውን ባለቤት ሮማን አብራሞቪችን ከፑቲን ጋር ቅርበት አለው ብሎ ማዕቀብ ጥሎበት ነበር። ክለቡ አዲስ ትኬትና ማልያ እንኳ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። በጨዋታው ዋዜማ ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ ቀን 81 ሰዎችን በሞት ቀጣች። የኒውካስሉ አሠልጣኝ ኤዲ ሃው ስለዚህ ሲጠየቅ ስለ ኳስ ብቻ እንደሚናገር መለሰ። ሁለት ክለቦች፣ ሁለት ባለቤቶች፣ አንድ ሜዳ። ፖለቲካውን እዚያ ያስገባነው እኛ ጠያቂዎቹ አይደለንም፤ ክለብ የገዙት ናቸው ይዘውት የገቡት።

ለዚህ ነገር ፈረንጆቹ ስም አውጥተውለታል፤ ስፖርትዋሺንግ ይሉታል። የጎደፈን ስም በስፖርት ማጠብ ማለት ነው። ስሙን ስንሰማ የሚታወሰን የታሰረው ወይም የተገደለው ሰው መሆኑ ቀርቶ የሚያምር ጎል እንዲሆን ይፈለጋል።

«የገዛው የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው እንጂ መንግሥት አይደለም»

ኒውካስል መስከረም 27 ቀን 2014 በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ 80 በመቶውን የያዘው የሳዑዲ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። የፈንዱ የቦርድ ሰብሳቢ አልጋ ወራሹ መሐመድ ቢን ሰልማን ናቸው። የፈንዱ ዋና ኃላፊ ያሲር አል ሩማያን ደግሞ የኒውካስል ሊቀመንበር ሆኑ። ፕሪምየር ሊጉ የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ አስገዳጅ የሆነ ማረጋገጫ አግኝቻለሁ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ይኸው ፈንድ በጎልፍ ውድድር ጉዳይ አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቆቹም አል ሩማያን በሥራ ላይ ያሉ የሳዑዲ መንግሥት ሚኒስትር ስለሆኑ ለምስክርነት ሊገደዱ አይችሉም ብለው ተከራከሩ። ለእንግሊዝ ሊግ መንግሥት ያልሆነ ሰው ለአሜሪካ ዳኛ ሚኒስትር ሆነ። ይህን የሚያውቅ ሰው «ተራ ኢንቨስተር ነው» የሚለውን ወሬ እንዴት እንደሚቀበል አይገባኝም።

«ሊጉ አጣርቶ ነው የሚያስገባው»

የእንግሊዝ ሊግ የባለቤቶች መመዘኛ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሦስት ዓመት ሳይቆይ የታይላንድ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ሺናዋትራ ማንችስተር ሲቲን ሊገዙ መጡ። በሥልጣን ዘመናቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በተከፈተው የአደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ በወራት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። የመብት ተሟጋቹ ሂውማን ራይትስ ዎች ለሊጉ ደብዳቤ ጻፈ። ታክሲን ግን መመዘኛውን አለፉ። በዓመቱ ክለቡን ለአቡዳቢው ሼህ መንሱር ኩባንያ ሸጡት፤ የዛሬው ሲቲ የተጀመረው እንዲህ ነው።

«ሰብዓዊ መብት» የሚለው ቃል በመመዘኛው ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ነው፤ ማለትም ኒውካስል ከተሸጠ በኋላ። አሁንም መለኪያው የእንግሊዝ መንግሥት የማዕቀብ ሕግ ነው። የሳዑዲው ጋዜጠኛ ጀማል ኻሾግጂ እ.ኤ.አ. በ2018 ኢስታንቡል ውስጥ በመገደሉ እንግሊዝ ከሁለት ዓመት በኋላ 20 ሳዑዲዎችን ማዕቀብ ውስጥ አስገባች፤ የአልጋ ወራሹ ስም አልነበረበትም። የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ሪፖርት ግን ኻሾግጂን የመያዝ ወይም የመግደል ዘመቻውን እርሳቸው እንዳጸደቁ ገምግሟል፤ እርሳቸው ትእዛዝ አልሰጠሁም ይላሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ነጻ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁም ሕግ አጽድቃለች። ከባለሥልጣናቱ ጋር ለመጋፈጥ ምን ያህል እንደሚደፍር የሚታየው በሥራው ነው።

«ሁሉም ባለሀብት ያው ነው፣ ምን ልዩነት አለው?»

ልዩነት አለው። ክለብን በዕዳ የሚያስር ባለቤት ደጋፊውን ይበድላል። ሰው የሚያሳድድ መንግሥት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትንሹን አጋኖ ትልቁን መሸፈን ነው። ደግሞም የሚሠራ ሕግ ሲኖር ውጤት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ክለብ የሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ባለቤት ዶናልድ ስተርሊንግ በጥቁሮች ላይ የተናገረው ዘረኛ ንግግር በድምፅ ቅጂ ወጣ። ሊጉ ኤንቢኤ ዕድሜ ልክ አገደው፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላርም ቀጣው፤ ክለቡም ተሸጠ። በጀርመን ደግሞ 50 ሲደመር 1 የሚባል ደንብ አለ። በዚህ ደንብ የድምፅ አብላጫው ከክለቡ አባላት እጅ አይወጣም፤ ጥቂት ክለቦች ብቻ በልዩ ሁኔታ ተፈቅዶላቸዋል።

«ገንዘቡን ላመጣ ሰው ጥያቄ ማቅረብ ውለታ መብላት ነው»

እኛ ወሎዎች ይህን አባባል በደንብ እናውቀዋለን፤ ውለታ አንረሳም። ወልድያ ያደጉት ሼህ መሐመድ አል አሙዲን ለከተማዋ ያሠሩት ስታዲየም በጥር 2009 ሲመረቅ ስንቱ ሰው በደስታ እንዳለቀሰ አውቃለሁ። ግን ያንኑ ዓመት አልፈን ጥቅምት 2010 መጨረሻ ላይ እኒሁ ሰው በሳዑዲ የፀረ ሙስና ዘመቻ ከተያዙት ባለሀብቶችና ልዑላን አንዱ ሆኑ። የተፈቱት በጥር 2011 ነው። ያን ዘመቻ የመራው አካል ሰብሳቢ አልጋ ወራሹ ነበሩ፤ ዛሬ የኒውካስልን ፈንድ የሚመሩት ሰው ማለት ነው። ያን ጊዜ ወልድያ ውስጥ ብዙ ሰው «በምን ሕግ ታሰሩ?» ብሎ ጠይቋል። ያ ጥያቄ ትክክል ነበር። ለእኛ ሰው ሲሆን ትክክል የሆነ ጥያቄ ኳሱ ሲመጣ ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም።

«ለእኛ ምን አገባን? የፈረንጅና የዓረብ ጉዳይ ነው»

እዚህ ላይ ነው የማልችለው።

ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ፣ ከሐብሩ ስንት ልጅ ነው የወጣው? በባቲ በኩል ሚሌ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር። መንገዱን ሳንሄድ የምናውቀው ሰዎች ነን። ደላላው ልጁን አስይዞ ማስለቀቂያ ሲጠይቅ በሬ የሸጠ አባት አይተናል።

ሂውማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 15 ቀን 2015 ያወጣው ሪፖርት ስለዚያ ድንበር ነው። ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ለመሻገር የሞከሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች ገድለዋል ይላል። ሪፖርቱ 42 ሰዎችን አነጋግሯል፤ የሳተላይት ምስልም መርምሯል። በሞርታር ስለተመታ ቡድን፣ ከቅርብ ተተኩሶባቸው ስለወደቁ ሴቶችና ሕፃናት የሚተርክ ነው። «የትኛው እጅህ ወይም እግርህ ይመታ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምስክርነትም አለበት። ከዚያ በፊት የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በደብዳቤ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ሚያዝያ 2022 ባሉት ወራት ብቻ እስከ 430 ሰው ተገድሏል የሚል መረጃ እንደደረሳቸው ገልጸው ነበር። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረት የለውም ብሎ አስተባብሏል።

ያቺን የመጋቢት እሑድ አስቧት፤ በፈረንጆቹ መጋቢት 2022 ነው። እኛ ፒያሳ ተቀምጠን ቼልሲና ኒውካስልን እያየን ነው። ደብዳቤው የሚጠቅሳቸው ወራት ደግሞ እነዚያው ናቸው።

ድንበር ጠባቂው ክለቡን አያስተዳድርም፣ ክለቡም አልተኮሰም፤ ይህን አላጋንንም። ግን ፈንዱን የሚመሩት ሰውና ያን ድንበር የሚያስጠብቀውን መንግሥት የሚመሩት ሰው አንድ ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትርም እርሳቸው ናቸው።

በኮንትራት የሄዱት እህቶቻችንም አሉ። ከፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ጥላው ከወጣች «ጠፋች» ተብላ ሕገወጥ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳዑዲ ሠራተኛ አሠሪ እንዲቀይር የሚያስችል ማሻሻያ አደረገች። የቤት ሠራተኞችን ግን አላካተተም። የእኛ ሴቶች ደግሞ በአብዛኛው የቤት ሠራተኞች ናቸው።

«እንግዲያ ክለቡን መደገፍ ኃጢአት ነው»

አይደለም። ያን ልጅ ማልያህን አውልቅ አላልኩትም፣ አልለውምም። ክለቡ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ የኖረ ነው፤ ባለቤት ይመጣል ይሄዳል። ኒውካስል ከተማ ውስጥ ስፖርትዋሺንግን የሚቃወም የደጋፊዎች ቡድን አለ። ክለባቸውን ይወዳሉ፣ ባለቤቱን ይጠይቃሉ። እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር።

«እዚህ አገር ባለቤት ስለሌለ ይህ ችግር የለም»

የእኛ ክለቦች በአብዛኛው በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ባለቤቱ ሕዝብ ነው ስለሚባል ማንም ተጠያቂ አይሆንም። የተጫዋች ደሞዝ ሲዘገይ የሚናደድ ደጋፊ ብዙ አላየሁም፤ ሲሸነፍ ግን ድንጋይ ያነሳል። የፊፋ የዝውውር ደንብ የሁለት ወር ደሞዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ 15 ቀን ጠብቆ፣ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። በታችኛው ሊግ ይህን የነገረው ሰው ያለው ተጫዋች እምብዛም አላጋጠመኝም።

የዚያ ባለማልያ ልጅ ታላቅ ወንድም የግራ መስመር ተከላካይ ነበር። የት ክለብ እንደነበር አልናገርም። አምስት ወር አልከፈሉትም። በሄደ ቁጥር «በጀት አልተለቀቀም» ነበር መልሱ። ስድስተኛው ወር ሲገባ እናቱን «እትዬ ዘሃራ ጋ ቡና ልጠጣ» ብሎ ከቤት ወጣ። ማታ ሲፈለግ ኮምቦልቻን አልፎ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ለሳዑዲ ድንበር ከምትቀርበው የየመን ከተማ ከሰዓዳ ነው፤ «ነገ ማታ እንነሳለን፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ብሎ።

የመጫወቻ ጫማውን ለታናሹ አልጋ ሥር ትቶለት ነበር። ያን ጊዜ ይሰፋው ነበር። ዘንድሮ ልኩ ሆኗል።